ከኪስ የወጣ ቃል

ሰኞ፣ ጥር 6
ዛሬም ኪስ ስፈትሽ ዋልኩ። በላውንደሪው ልብሱ ማሽን ከመግባቱ በፊት ኪስ የማራግፈው እኔ ነኝ። አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ማስቲካ፣ የደም ለጋሽ ካርድ። «በገዛ ፈቃዴ ደም ሰጥቻለሁ» ይላል ካርዱ። ለባለቤቱ አስቀመጥኩለት። ማንበብ የተማርኩት እንዲህ ከኪስ በወጣ ወረቀት ነው። ማንም አያውቅም። ይሻላል።

ረቡዕ፣ ጥር 8
አዲስ ማሽን ሊመጣ ነው አሉ። የስምንት ሰው ሥራ ይሠራል። እኛ ዘጠኝ ነን... በካውያ ልብስ የምትተኩሰዋ፣ ሳቂታ የምንላት፣ «እንግዲህ የምትተርፈዋ በዕጣ ናት» አለችኝ። ሳቅኩ። 

ሐሙስ፣ ጥር 9
አለቃ የታተመ ወረቀት አሳየን። «የስም ምዝገባ ነው፣ እናቶቼ። ነገ አውራ ጣታችሁን ብቻ ታሳርፋላችሁ።» በዓይኔ ሰረቅ አድርጌ አነበብኩት። «ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ።»
 የካርዱ ቃል። ደም የሰጠው ሰው ግን ክንዱን ራሱ ነው የዘረጋው። ምን ላይ እንደፈረመች ያላወቀች ሴት ምን ፈቃድ አላት? የተባረረ ካሳ ያገኛል። በፈቃዱ የለቀቀ ባዶ እጁን ይሄዳል። ብናገር መጀመሪያ የምባረረው እኔ ነኝ። ዝም ብልስ? ሳቂታ ሦስት ልጆች አሏት...

ዓርብ፣ ጥር 10
 ሳቂታ ጣቷን ቀለም ነክራ ነበር። «ቆይ፣ እህቴ» አልኳት። ወረቀቱን አንስቼ አነበብኩላቸው። ድምፄ የትንኝ ያህል ነበር። ደገምኩት።
አለቃ፣ «አንቺ ደግሞ ፊደል የቆጠርሽው መቼ ነው?»
«እዚሁ፣ ጌታዬ። ከሰው ኪስ።»
ማንም አልሳቀም። ሳቂታ ጣቷን በሽርጧ ጠረገች። አንዲትም አልፈረመች።

ሰኞ፣ ጥር 13
ስምንቱ ገቡ። እኔን ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ። «እትዬ፣ ‹እሷ አትግባ› ተብሏል። እኔ ምን ላድርግ?»
«መባረሬን በጽሑፍ ይስጡኝ።»
ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።  ነገ ምን እበላለሁ? ሳቂታ በመስኮት አውራ ጣቷን አሳየችኝ፤ ቀለሙ አልለቀቀም።
ከቀትር በኋላ ወረቀቱ መጣ። «ከሥራ አሰናብተንሻል» ይላል። በገዛ ፈቃድ የሚል የለበትም። እዚያው በሩ ላይ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።