መሪጌታ ቢያዝን ፈተና ሲወድቁ

የካቲት 3

ዲማ። የዓይን ምርመራ። ፀሐይ፣ አቧራ፣ ረጅም ሰልፍ... ሞራ የሚገፍፉት ሐኪሞች በወሩ መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ይገባሉ። ታካሚ መላኩ የእኔ ሥራ።

መሪጌታ ቢያዝን በባለቤታቸው በወይዘሮ የዓለምዘርፍ ተመርተው መጡ። ወንበሩን በዳበሳ አገኙት። በባትሪ ሳይ ሁለቱም ዓይን የብዙ ዓመት ነጭ ሞራ። ሰሌዳው ላይ ያለው ባለ ሦስት ጣት ምልክት ጣቶቹን ወዴት እንዳዞረ ጠየቅኋቸው። «ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች...» እስከ መጨረሻው መስመር። በዜማ! ገና መጠቆሚያዬን ሳላነሳ።

ልኬቱ «ያያሉ» ካለ ሐኪሞቹ አይቀበሏቸውም። ምን ልጻፍ?

የካቲት 4

ለካ ሚስትየው ሰልፍ ላይ ቆመው ሰሌዳውን በቃል አስጠንተዋቸዋል።

«ፈተና አይደል? ያለፈ ነው የሚታከመው።»

«የወደቀ ነው እንጂ፣ እማማ።»

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ወድቆ የተሸለመ የት አይተሻል?»

የካቲት 7

የጄሪካን ክዳን፣ ምስማር፣ የመጥረጊያ እጀታ። ምልክቱን ከጎማ ቆርጬ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩ። በእጅ ይያዛል፣ ይዞራል። እስኪ አሁን ማን ያጠናዋል! ኮራሁ።

የካቲት 8

መሪጌታ አንድም አልሳቱ።

ክዳኑ ሩብ ዙር በዞረ ቁጥር «ቀጭ» ይላል። ሁልጊዜ ከላይ ነው የምጀምረው፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው የማዞረው... በዜማ ያደገ ጆሮ! ሹፌራችን ምናለ፣ «ካንቺ ይሻላሉ፤ መኪናውን ልስጣቸው?» አለ።

የካቲት 9

ድምፁን ላጠፋ ነበር። ተውኩት። ክዳኑን ገልብጬ ባዶውን ጀርባ አሳየኋቸው። ቀጭ። ቀጭ።

«ወደ ታች!»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጮኹ። «አንቱ ሰው፣ ምንም የለበትም እኮ!»

የመሪጌታ ፊት ዳመነ። «ወደቅሁ?»

«ወደቁ። ይታከማሉ።»

«ድገሚኝ፣ ልጄ። ጥቂት ቀን ስጪኝ፣ አጠናለሁ።»

ስማቸውን ጻፍኩ። ሲወጡ ለሚስታቸው፣ «አሳፈርሁሽ» ሲሉ ሰማሁ።

የካቲት 28

ደብረ ማርቆስ። ፋሻው ተፈታ። መሪጌታ መስኮቱን አዩ። እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ አልጋው ዙሪያ የቆምነውን ሁሉ፣ ነርሶቹን፣ ምናለን፣ ወይዘሮ የዓለምዘርፍን፣ እኔን... ማንንም አላወቁም። ግራ ገባቸው። መልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እስኪ ተናገሩ። ሚስቴ የትኛዋ ናት?»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። በድምፅ እንዳይለዩአቸው ሳል እንኳ አላሰሙም።

መሪጌታ ጠበቁ... ጠበቁ። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ።