መስኮቱን የሰበርኩ ዕለት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃው ቀለለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየደገፍሽ ነው የምትወጪው? መነጽርሽንስ ታደርጊዋለሽ ወይስ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል? ባለቤትሽ ጋሼስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ እጄ በሳሙና ተሰነጣጥቆ ከመቆጥቆጡ በቀር ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘኝም። ባለፈው በስልክ "ድምፅህ ልክ አይደለም፣ ምን ሆነሃል?" ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ነገሩ በስልክ የሚነገር ስላልሆነብኝ ነው። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ከሸሪኬ ጋር መስኮት የማጽዳት ሥራ መጀመራችንን ታውቂያለሽ። መኪናዋ የእሱ ስለሆነች ሹፌሩ እለዋለሁ። እዚህ ሰፈር መስኮት የሚያጸዳ ሰው እንደ አሸዋ ነው። አንደኛው ድርጅት እንዲያውም ከምድር ቆሞ ፎቅ ላይ የሚደርስ ረጅም ዘንግ አለው። እኛ ያለን መሰላል፣ ባልዲና ባለ ጎማ መጥረጊያ ነው። ከሌላው ለየት ብለን ለመታየት ያላደረግነው የለም። ሹፌሩ "ከሩቅ እንድንታይ" ብሎ ብርቱካናማ ሸሚዝ አሰፋልን፤ አንዲት ሴትዮ መንገድ ጠራጊ መስለናት የቆሻሻ ከረጢት አሸከመችን። "ካጸዳን በኋላ ዝናብ ከጣለ በነጻ ተመልሰን እናጸዳለን" ብለን አወጅን፤ ያን ወር ሰማዩ ተቀደደ። ስልካችን ግን ጭጭ አለ።

ከጥቂቶቹ ደንበኞቻችን አንዷ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ልጃቸው እንደ እኔ ሰው አገር ነው ያለው። የሩቁን አጥርተው ያያሉና ከክፍሉ ማዶ ሆነው የዘለልኳትን ነጥብ በጣታቸው ያሳዩኛል። የቅርቡ ግን ያስቸግራቸው ስለነበር ሥራዬን ስጨርስ መስኮቱን ከፍተው መርፌና ክር ያቀብሉኛል። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ክሩን አስገብቼ እመልስላቸዋለሁ። "ዛሬም ዓይንህ አልከዳህም" ይሉኛል። ከዚህ ያለፈ ብዙም አናወራም፤ ግን ከቤታቸው ስወጣ ቀኑ ቀና ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መሰላሌን አቁሜ ስወጣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው አየኋቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል፤ እኔን ያየኛል። መስተዋቱን ብመታ፣ ብጣራ፣ መነሳት አልቻሉም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሹፌሩን አምቡላንስ እንዲጠራ ጮኼበት ያንኑ የማጸዳውን መስኮት ከመኪናው ባመጣሁት መዶሻ ሰብሬ ገባሁ። ሸሚዜን አውልቄ ከጭንቅላታቸው ሥር አደረግኩ። እጃቸው በረዶ ሆኗል፤ ለካ ከማታ ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ክንዴን ያዙና ቀስ ብለው "መስኮቱን ሰበርከው እንዴ?" አሉኝ። "እተካዋለሁ እማማ" አልኳቸው። "ታዲያ መጀመሪያ ስብርባሪውን ጥረግ፣ ሰው እንዳይወጋ" አሉ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ክንዴን አልለቀቁም። ሆስፒታል ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ለዘመድ ይሁን ለባዳ ሳይገባኝ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ የሆነው ነው ይበልጥ የከበደኝ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ብርቱካናማ ሸሚዝና የነጻ ጽዳት ያላመጣልንን ሥራ የእሳቸው ሞት አመጣው። ስልኩ እረፍት አጣ። የሚደውለው ሁሉ "አንተ ነህ አይደል መስኮት ሰብረህ የገባኸው?" ይላል። አንዱ "እናቴ ብቻዋን ናት፣ ስታጸዳ ወደ ውስጥም አየት አድርግልኝ" አለኝ። እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? ሹፌሩ ግን ፊቱ በራ። "አሁን ከሁሉም ተለየን" ብሎ በራሪ ወረቀት ሊያሳትም ተነሳ። "በሰው ሬሳ አንነግድም" አልኩት። "የነገድኩት እኔ ነኝ? ሰው ነው የሚያወራው። የቤት ኪራይ ደግሞ በለቅሶ አይከፈልም" አለኝ። ተኮራረፍን። ወረቀቱን ግን አሳትሞ በየበሩ አስገባው። "መስኮት ብቻ አናጸዳም፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያሉትን ወላጅዎንም እናያለን" ይላል።

ልጃቸው ለቀብር መጣ። ቃሌን ልጠብቅ ከሹፌሩ ጋር ሄጄ መስተዋቱን ስተካ በራፉ ላይ ቆሞ ያንን ወረቀት ያነባል። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አልተቆጣም። "ይሄ ስለ እናቴ ነው?" ብቻ አለ። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ከግቢው ወጣ። እስኪመሽ አልተመለሰም። ለካስ በየቤቱ እያንኳኳ ወረቀቱ እንዲመለስለት ሲለምን ውሏል። የሰበሰበውን አምጥቶ መኪናው ውስጥ ወረወረው። ያን ቀን ኩርፊያችን አበቃ።

ልጁ ግን ወደ ውስጥ አስገብቶ አስቀመጠኝና "እስቲ ስለ እናቴ ንገረኝ" አለኝ። እታለም፣ ስለ ገዛ እናቱ እኮ እኔን ጠየቀኝ። ስለ መርፌውና ስለ ክሩ ነገርኩት። "ዓይኗ መድከሙን አላውቅም ነበር። በደወልኩ ቁጥር ደኅና ነኝ ነው የምትለኝ" አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ተነስቼ ባልዲዬን ሞላሁና የቤቱን መስኮት በሙሉ አጸዳሁለት። እሱ ከውስጥ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ሥራው አሁን ሞልቷል። ሁለት ሰው መቅጠር ሊኖርብን ነው። ግን ልደሰትበት አልቻልኩም። አንድ እናት ቤት በገባሁ ቁጥር አንቺ ትመጪብኛለሽ፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና። ስለዚህ ከሹፌሩ ጋር ተማከርኩ። "ሂድ፣ እኔ አለሁ" አለኝ። በመጪው ወር መግቢያ እመጣለሁ። ለእኔ ብለሽ ምንም አታሰናጂ። የምፈልገው አጠገብሽ ተቀምጬ ደረጃውን ስትወጪ ማየት ነው።

ለጋሼ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሉን በቸልታ እንዳያልፈው። ትልቋን ልጅሽን በፈተናዋ አይዞሽ በያት። ለቀበጡ ወንድሟ ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስታችንን፣ ጆሯቸው እንዲሰማ ጠጋ ብለሽ፣ "ይመጣል" በያቸው።

የሚናፍቅሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከተከራየሁባት ክፍል፣ እሑድ ግንቦት 19