የግራ መንጋጋዬ ጉዳይ

ሰኞ፣ ሰኔ 19 ቀን 2015

ለሚመለከተው ሁሉ። በግራ በኩል ከታች የሚገኘው የመንጋጋ ጥርሴ፣ ቆሎና አጥንት ሳይመርጥ በቅንነት ሲያገለግል ቆይቶ፣ ዛሬ ቁርስ ላይ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሥርዓተ ቀብሩ ወደፊት ይገለጻል።

ሞተ ብያለሁ... የሞተ ነገር ግን እንዲህ ይጮኻል? ትኩስ ሻይ ሲነካው ከወንበሬ አስነሳኝ።

ጅሩ ገባ፤ ጎረቤታችን ነው፣ በአይሱዙ ወደ ሃና ከተማ ጭነት ያመላልሳል። ጉንጬን አየና...

«ጋሼ፣ ምን ያሠቃይሃል? ነገ አብረን ሃና እንውረድ። ጎርባጣው መንገድ ራሱ ይነቅልልሃል።»

ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 21

ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በጨው መጉመጥመጥ። አፌ ወጥ ቤት ሸተተ። ጥርሱ ግን አቋሙን አላላላም።

ሐኪም ቤት? አልሄድም። ለባለቤቴ ለከበቡሽ ቁርጡን ነግሬያታለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው። እዚያ በጥርስ ሕመም ገብቶ ከነጥርሱ የወጣ ሰው አላውቅም። አንዱ ከሄደ ሌላው ይከተላል። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነኝ... ድዳም ማስታወቂያ አንባቢን ማን ይሰማዋል?

ማታ የከበቡሽ የጸሎት ጓደኞች መጡ። ጉንጬ ላይ እጅ ጫኑ። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከፍ ባለ ድምፅ። ማን ምን እንደለመነ አልተሰማኝም። ከእጆቹ አንዱ በትክክል ጥርሱ ላይ ነበር። እኔም አብሬ ጮህኩ። መንፈስ ነካው አሉ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 22

ከበቡሽ በማለዳ ለቀይ አፈር ገበያ ተሳፈረች። ቃሌም አብሯት ተሳፍሮ ኖሯል። መኪናው ከመታጠፉ እኔ ክሊኒኩ በር ላይ ነበርኩ።

ዶክተር ኢየሩሳሌም ልጄ ብትሆን የመጨረሻዋ ትሆን ነበር። ሌሊቱን ሕመሙ ስላላስተኛኝ ድድነቱንም ረስቼ «ንቀይልኝና ልገላገል» አልኳት።

«ምን በወጣው ጋሼ! ጥርስዎ ደህና ነው። የታመመው ውስጡ ያለው ነርቭ ነው። ነርቩን እናወጣለን፣ የሥሩን ቦይ እናጸዳለን፣ እንሞላዋለን። ጥርሱ አፍዎ ውስጥ ይቀራል።»

«ያማል?»

«እስካሁን የቻሉት ያማል። ይሄ አያምም።»

እውነቷን ነው። መርፌው ቆንጠጥ አደረገኝ፣ ከዚያ በኋላ ከንፈሬ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። በቀጫጭን ሽቦ ሥሩን ስትጠርግ እኔ የጣሪያውን ቆርቆሮ እመረምር ነበር። በመጨረሻ ጣቷን ቀሰረች...

«ይሄ ጊዜያዊ ሙሌት ነው። ዛሬ ሕመሙ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚጮኸው ዝም አለ እንጂ ሥራው አላለቀም። የሚመጣው ሐሙስ ይመለሱ። በዚያ በኩል ጠንካራ ነገር እንዳያኝኩ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። መነቅነቅ ቀላል ነው።

ከበቡሽ ስትመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ጉንጬን አልያዝኩም። ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ።

«ሚልኪ! አያምህም?»

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። ግማሹ እሺ አለ፣ ግማሹ እንደ ሌላ ሰው አፍ ተንጠለጠለ። «እእእ...» ወጣ።

«አሜን በል!»

«አእን።»

እልልታዋን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ለራት አውራ ዶሮው ታረደ። አሁን ከንፈሬ ተመልሷል፣ መናገር እችላለሁ። ግን ዶሮ ታርዶ እንዴት ይነገራል?

እሁድ፣ ሰኔ 25

ከበቡሽ ጉባኤ ፊት ቆማ መሰከረች። «ባለቤቴን ሐኪም ሳይነካው ጌታ ፈወሰልኝ! ከለመንኩት በላይ ሰጠኝ!» ሃሌ ሉያው ቆርቆሮውን አናወጠው። እንድነሣ ተጠየቅኩ። ተነሣሁ። አፌን እንድከፍት ተጠየቅኩ። ከፈትኩ። ከፊት ወንበር አንዲት እናት አጮልቀው አይተው «የነጣ ነገር አለበት፣ አዲስ ተሰጥቶታል!» አሉ።

ሙሌቱ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 29

የቀጠሮዬ ቀን። ዝናብ ነው፣ ከበቡሽ ቤት ናት። ብሄድስ ማን ያየኛል? ትንሿ ጂንካ ናት እንጂ... ሁሉም ያየኛል። እኔ ክሊኒክ ስገባ ምስክርነቷ ውሸት ይሆናል። ያውም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት!

ደግሞ አያመኝም። ያልታመመ ሰው ምን ይታከማል?

ሰኞ፣ ሐምሌ 3

ጥብስ በቆሎ። በቀኝ በኩል እያኘክሁ ነበር፣ ማርያምን እንዳልል ፕሮቴስታንት ነኝ። አንዷ ፍሬ ድንበር ተሻገረች። ቀጭ!

ሙሌቱን መዳፌ ላይ አገኘሁት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 4

ጉንጬ ዳቦ አክሏል። ጥርሱ ጮኸ። ከፋርማሲ ክኒን ገዛሁ፣ ተደብቄ ዋጥኩ። ለከበቡሽ «ንፋስ መታኝ» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የዚህን አተያይ ትርጉም ከጋብቻችን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 5

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ያነሣችው ከበቡሽ ናት።

«አቤት... ባለቤቱ ነኝ... የምን ቀጠሮ?... የምን ነርቭ?»

ወደ ጓሮ ለመውጣት አሰብኩ። የጓሮው በር ግን ከእሷ ጀርባ ነበር።

«ሚልክያስ።» ሚልኪ አላለችም። «ሄደህ ነበር?»

«ሄጄ ነበር።»

«ጉባኤ ፊት ስቆም ዝም አልከኝ?»

«እንዳላሳፍርሽ ብዬ...»

«አንተ ሰው! ያን ማታ ምን ብዬ እንደለመንኩ ታውቃለህ? “ይህ ግትር ሰው ሐኪም ቤት እንዲሄድ ልቡን አለዝብልኝ” ብዬ ነው! ያለ ሐኪም ስትድን ጊዜ ነው ከለመንኩት በላይ ያልኩት። ለካ ልክ የለመንኩትን ነው የተሰጠኝ፤ አንተ ደበቅክብኝ!»

ጫማዬን አቀበለችኝ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም፣ ይሄ ይብሳል። ኤክስሬዩን ወደ መብራቱ አነሣች። «ምራቅ ገብቶ ሥሩ ተመርዟል። ክኒን ብቻውን እዚያ አይደርስም፣ ቦዩ እንደገና መጽዳት አለበት። ካልዳነ ግን ጋሼ... እነቅለዋለሁ።»

ንቀይው ብዬ የለመንኩት እኔ ነበርኩ። አሁን ቃሉን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከበቡሽ እጄን ያዘች። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«አሁን ደግሞ ምን እየለመንሽ ነው?»

«ቀጠሮ እንዳትረሳ።»

እሁድ፣ ሐምሌ 9

ቦዩ እንደገና ከተጠረገ ወዲህ እብጠቱ ጎደለ። አፌ እስኪሻለው ዛሬ ማስታወቂያ ያነበበው ሌላ ሰው ነው። የስብሰባውን ሰዓት ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ደስ አለኝ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 13

ከቀጠሮዬ ቀድሜ ተገኘሁ። ዘበኛው እንኳ ገና አልመጣም። የሥሩ መግል ደርቋል፤ ሞላችው፣ ዘጋችው። «ነርቭ የሌለው ጥርስ ይሰባበራል፣ ሽፋን እስኪሠራለት ተጠንቀቁ» አለች። ለእኔ አይደለም፣ ለከበቡሽ ነው የነገረችው።

እሁድ፣ ሐምሌ 16

መድረክ ላይ ያነበብኩት እንደወረደ ይኸው። የጻፍኩት እኔ፣ ያረመችው ከበቡሽ። የመጨረሻው መስመር ግን ለዚህ ደብተር ብቻ ነው።

ማስተካከያ። ሰኔ 25 «ሐኪም ሳይነካው» ተብሎ የተመሰከረው «ሐኪም እንዲነካው» ተብሎ ይስተካከል። ስህተቱ የምስክሯ ሳይሆን የባለጥርሱ ነው። ጸሎቱ በተጸለየ ማግስት ተመልሷል፤ የዘገየው ባለጉዳዩ ነው። እንዲሁም ሰኔ 19 በባለጥርሱ የግል ደብተር የመንጋጋ ጥርሱ ከዚህ ዓለም በሞት እንደተለየ የተገለጸው ትክክል አይደለም። የሞተው ነርቩ ብቻ ነው። ጥርሱ በመደበኛ የሥራ ቦታው ይገኛል።

አውራ ዶሮውን በሚመለከት የሚደረግ ማስተካከያ የለም።