ልጄን ከባሕር ልመልስ ሄጄ

ፌብሩዋሪ 6፣ 2022
እሑድ። በረዶው እስከ ጉልበት። ልብስ አጠብኩ፣ ባሌ ነጋ የመኪናውን መስታወት ሲፍቅ ዋለ። ከሰዓት ኤልዳና ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ወላጅ ናፍቋት መስሎኝ… የቆሸሸ ልብሷን ይዛ ነው። እራት ላይ ተናገረችው። ነርሲንጉን ለአንድ ሰሚስተር ታቆማለች። በሸራ ጀልባ ጋላፓጎስ የሚባሉ ደሴቶች ድረስ ሄዳ ወፍ ትቆጥራለች።
ወፍ። ፓርኪንጋችን ላይ ያለው አልበቃትም?

ፌብሩዋሪ 9
የጀልባዋ ባለቤትም ካፒቴንም ሎይስ የምትባል እዚሁ ቤክስሊ የምትኖር ሴትዮ ናት። ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም። ዕድሜዋን ሙሉ ጥርስ ስትነቅል ኖራ አሁን መልህቅ መንቀል አማራት።
ከተማችን ኮሎምበስ እኮ በመርከበኛ ስም ትጠራለች። ያላት ውሃ ግን ሳዮቶ ወንዝ ብቻ፣ እሱም ጭቃ። ሰዎቹ ቢያብዱ አይፈረድባቸውም።
ኤልዳናን ትሰምጫለሽ አልኳት። «ኢትስ ሳይንስ፣ ማም» አለች፣ ከስልኳ ቀና ሳትል። ሳይንስ ሰው አያሰምጥም ማለት ነው?

ፌብሩዋሪ 20
የጀልባዋ ምግብ አብሳይ ወገቡን ታሞ ቀረ። ኤልዳና ለአባቷ ስትነግረው ሰማሁና «እኔ አበስላለሁ» አልኩ። ከየት እንደወጣ እንጃ። ነጋ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሚስቴ ዓለም ዓለምን ልትዞር ነው እያለ ለዘመድ ሁሉ ደወለ። ልጅቷ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።
ሎይስ ኮል አደረገችኝ። ለስድስት ሰው ማብሰል ትችያለሽ ወይ ነው ጥያቄዋ። ስድስት ሰው… እኛ ቤት ስድስት ሰው ሳይጠራ የሚመጣው ነው።
ዕቅዴ ቀላል ነው። አብሬያት እሄዳለሁ፣ መጀመሪያ ያገኘነው ወደብ ላይ ጎትቼ አመጣታለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ከምሠራበት ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ሊቭ ሰጡኝ። ሱፐርቫይዘሬ የክሩዝ ሽርሽር ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

ማርች 5
ማያሚ። ጀልባዋን አየኋት። ያቺ ናት? እኔ መርከብ ነው የጠበቅኩት። ያፓርታማችን ኮሪደር ይበልጣታል። አንድ ሽንት ቤት፣ ውሃው በእጅ እየተገፋ የሚወርድ። ሁለት ፕሮፌሰሮች አሉ፣ ባልና ሚስት፣ ስለ ወፍ ካልሆነ የማይነጋገሩ። አንድ ዝምተኛ መካኒክ። ሎይስ ስትጨብጠኝ ከፊቴ በፊት ጥርሴን አየች።

ማርች 9
ካሪቢያን ይሉታል። ፖስታ ካርድ ላይ በማያሳዩት በኩል ነው መሰለኝ የምንሄደው። ጀልባዋ በጎኗ ተኝታ ትሮጣለች። ፕሮፌሰሮቹን አዙሯቸው ተዘርረዋል፣ ለባል አንድ ባልዲ፣ ለሚስት አንድ ባልዲ። ኤልዳና ከሁሉም ባሰች። ውሃ እንኳ አልረጋላትም። ፊቷ አመድ…
እኔ? ምንም። ድስቱን በገመድ አስሬ ሽሮ ሠራሁ፣ ቆሜ በላሁ። አውቶቡስ ላይ የማስመልስ ሰው። ማን ያምነኛል?
ግንባሯን ይዤላት «ይሄ ነው ሳይንሱ?» አልኳት። ማለት አልነበረብኝም።

ማርች 11
ነፋስና ዝናብ። ሸራ ተቀደደ። ሎይስና መካኒኩ ሊያወርዱት ወደ ፊት ሲሄዱ መሪ የሚይዝ ጠፋ። ቆሞ የሚሄድ እኔ ብቻ። «ነፋሱ ግራ ጉንጭሽ ላይ ይሁን» አለች ሎይስ፣ «ከጉንጭሽ ከጠፋ ፈልገሽ መልሺው።» ሄደች። ይሄው ነው ትምህርቱ።
ያዝኩት። ጉንጬ እስኪደነዝዝ። ፈራሁ… በጣም ፈራሁ፣ እጄ ግን አልፈራም። ስትመለስ መሪውን አልተቀበለችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ ብስኩት በላች።

ማርች 17
ፓናማ። ኤልዳና እግሯ መሬት ሲነካ ተንበርክካ አለቀሰች። ቤቴ እሄዳለሁ አለች። አሸነፍኩ ማለት ነው። ሳልጎትታት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር…
ስልኳ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ቀና ብላ «ሁለት?» አለችኝ።
«አንድ» አልኳት።
ለምን አልኩ? ሰዎቹ ይራባሉ፣ ቃል ገብቻለሁ ምናምን አልኳት። ሁለት ፕሮፌሰሮች ቆርቆሮ መክፈት ያቅታቸዋል? እሷም ታውቃለች። ታክሲ ስትገባ ዞራ አላየችኝም።

ማርች 29
ፓሲፊክ። ነፋስ የለም። ዛሬ የምድር ወገብን አለፍን፣ ሎይስ ባልዲ ሙሉ ውሃ አናቴ ላይ ደፋችብኝ። ወግ ነው አለች። እንደ ሙሽራ።
ነጋ በጀልባዋ የሳተላይት ስልክ መልእክት ላከ። ፒዛ ሰለቸኝ፣ ልጅሽ አታናግረኝም፣ ዓሣ ነባሪ አየሽ? የሚያስጨንቀውን በቅደም ተከተሉ ነው የጻፈው።
አየሁ። ጀርባዋ እንደ ዌርሃውስ ጣሪያ ወጣ። ተነፈሰች፣ ትንፋሿ ፊታችን ላይ፣ የበሰበሰ ዓሣ። ፕሮፌሰሯ አለቀሰች። እኔማ… አይ፣ የባሕር ውሃ ነው።

ኤፕሪል 2
ደረስን። ተቆጣጣሪዎች ኩሽናዬን በረበሩ፣ የባዕድ ዘር እንዳይገባ። አንዱ በርበሬዬን አሸተተና እስኪበቃው አስነጠሰ።
ሕጉ፦ ከእንስሳ ሁለት ሜትር ራቁ። ለእንስሶቹ ግን የነገራቸው የለም። የባሕር አንበሳ ወደቡ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ያንኮራፋል፣ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጥቁር እንሽላሊቶች ተደራርበው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ባፍንጫቸው ጨው ይተፋሉ። ሰውን ዞር ብለው አያዩትም። የደሴቶቹን ግዙፍ ኤሊዎች ግን የድሮ መርከበኞች እየበሉ ሊጨርሷቸው ነበር አለችኝ ፕሮፌሰሯ። ታዲያ፣ ሰው ያመነ ምን ሊሆን ነው?

ኤፕሪል 8
ቆጠራ። የኤልዳናን ቦታ ለኔ ሰጡ። አንድ ወፍ አለ፣ እግሩ ሰማያዊ፣ ቀለም የነከሩት ይመስላል። ሴቷ ፊት ቆሞ አንዱን እግር አንስቶ ያሳያታል፣ ከዚያ ሌላውን። እሷ ወዲያ ታያለች። እንደገና ያሳያታል። ነጋ እኔን ለማግባት የዚህን ግማሽ አልለፋም። ሳቅኩ፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ… ከዚያ ልጄ ትዝ አለችኝ። ትንሽ ሆና የዚህን ወፍ ሥዕል ፍሪጁ ላይ ለጥፋ ነበር። እኔ ዳክዬ መስሎኝ።
ይሄን ልታይ ነበር። አሁን እኔ ቆሜያለሁ፣ በሷ ቦታ፣ በሷ አቅርቦ ማሳያ መነጽር።

ኤፕሪል 20
ኮሎምበስ። ነጋ አቀፈኝ፣ ከዚያ እራት ምንድነው አለ። ኤልዳና ከክፍሏ አልወጣችም። በሯ ላይ ቆሜ ፎቶ ላሳይሽ አልኳት።
«የኔ ነበር» አለች። በአማርኛ። «አንቺ እየሳቅሽበት ወሰድሽው። እኔን ብቻዬን ላክሽኝ።»
የምመልሰው ቀልድ ፈለግኩ። አጣሁ።
«አዎ» አልኩ።
«ደሞ ዋና እንኳን አትችይም» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ማታ ማታ ስሰምጥ ይታያት ነበር። የምር፣ ይሄ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ አልመጣም። ለሌላው የምፈራ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሜይ 15
ዌርሃውስ። ካርቶን፣ ካርቶን፣ ካርቶን። እራት ላይ ኤልዳና ጨው አቀብዪኝ አለችኝ። እድገት ነው።

ጁላይ 17
ሎይስ ከቤክስሊ ደወለች። ዲሴምበር ላይ ወደ ደቡብ፣ ፔንግዊን ወዳለበት። አብሳይ ትፈልጋለች። ነጋ እንዳልሰማ ሆኖ ቲቪ አየ። ኤልዳና ግን ሰማች። በመጪው መጸው ኤሪ ሐይቅ ዳር ወፍ ልትቆጥር ነው፣ የማይነቃነቅ መሬት ላይ ቆማ። ነርሲንጉ ቀርቷል፣ እኔም አፌን ይዣለሁ። ዋና ሳትማሪ አትሄጂም አለችኝ። በጋውን ላይፍጋርድ ሆና የምትሠራበት መዋኛ ይዛኝ ሄደች።
ውሃው ደረቴ ድረስ ነው። ፓሲፊክን ያየሁ ሴትዮ የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ ብዬ ይዤ… ሕፃናት በአጠገቤ እየዋኙ ያልፋሉ። አንዷ አይዞሽ አለችኝ። ኤልዳና እስክትንፈራፈር ሳቀች። ትሳቅ፣ ድርሻዋ ነው።
ሆዴን ከታች ደግፋ ያዘችኝ። እግርሽን አንሺ አለች። አነሳሁ።
«ልልቀቅሽ?»
«አትልቀቂኝ።»
ለቀቀችኝ። ውሃ ጠጥቼ ስወጣ፣ አጠገቤ ቆማለች።