የዘለቀ አውራ ጣት

ሰኞ

ዘለቀ ወረቀቱን አላስገባም። ጫልቱ፣ መጀመሪያ ይህን ጻፊ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ጫልቱ የልጄ ሚስት ናት። ሚሲዮን ተምራለች፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የቆጠረው ዘለቀ ነው፤ የሟች እኅቴ ባል፣ እዚህ አኖ ላይ ያለው የሞተር ወፍጮ ሸሪኬ።

ዛሬ ከነቀምቴ የገቢ ቢሮ ሰው መጣ። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው እንደተሰለፉ፣ «ወፍጮው እንደ ኩባንያ ግብር ተጥሎበታል፤ ካልተከፈለ ይታሸጋል» አለ። ሁለት ሽማግሌና አንድ ሞተር፣ ኩባንያ።

«ኩባንያ አይደለንም፤ እያንዳንዳችን በየድርሻችን፣ በየስማችን እንገብር» ብለን ከመስቀል በፊት ማመልከት ነበረብን። ግብሩ ይቀልልን ነበር። ነቀምቴ የሚኖረው ዘለቀ ነውና ለእሱ አደራ አልኩት። በመስቀል ስጠይቀው «ገብቷል፣ አትጨነቅ» አለኝ፤ የእኔን ሥጋ እየበላ።

መሬት የለኝም። በሬ የለኝም። ያለኝ ያ ሞተር ነው።

ማክሰኞ

በጭነት መኪና ነቀምቴ ወጣሁ። ወገቤ እንዳይሆን ሆነ።

የገቢው ሹም ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። «አባቴ፣ የዘገየም ይታያል» አለኝ። «ግን ለምን እንደዘገየ በጽሑፍ ይገለጥ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንዱ ብቻ ከሆነ አልቀበልም።»

ልወጣ ስል ጠራኝ። «የአቶ ዘለቀ ልጅ እኮ መጥቶ ነበር። ወፍጮው መቼ ሐራጅ እንደሚወጣ ሊጠይቅ።»

ተመለስኩ። ዘለቀ ረስቶ አልነበረም ለካ። ወፍጮው እንዲታሸግ፣ በሐራጅ እንዲወጣ፣ በልጁ ስም በርካሽ ሊገዛው ነው።

«የሐራጁ ዋጋ ግብሩን ባይሸፍንስ?» አልኩት።

«የቀረውን ከሁለታችሁ ቤት እናወጣዋለን። ከማንኛችሁም።»

የእኔ ቤት ሣር ነው። የዘለቀ አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ ባለ በረንዳ። ቤቱ እንደሚነካ ዘለቀ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስ አለኝ ብለሽ ጻፊ። የዘለቀ ጎረቤት ለሆነው ደላላ ጠጋ ብዬ ነገርኩት። እስኪመሽ አይቆይም፤ ይደርሰዋል።

ረቡዕ

ዛሬም ነቀምቴ ወጣሁ። ማመልከቻ ጸሐፊው በገቢ ቢሮው በር ላይ ዣንጥላውን ተክሎ ተቀምጧል።

«ምክንያቱ ምን ይባል አባባ?»

«ዘለቀ ሌባ ስለሆነ በል።»

ሳቀ። «እሱም እኮ ይፈርምበታል።»

«ታዲያ እኔ የምፈልገው ምን መሰለህ?»

ሳቁን ተወና ብዕሩን ነከረ። እሱ ግን አስተካክሎ ጻፈው፦ «እኔ ዘለቀ አደራ ተቀብዬ፣ ሳላስገባ አስገብቻለሁ ብዬ ሸሪኬን ስላታለልኩ።» ሦስቴ አስነበብኩት። በሦስተኛው ላይ ወገቤ ዳነ።

ዘለቀ ጋ አልሄድኩም፤ የተጻፈውን ለዚያው ደላላ ነገርኩት። ተመልሼ አኖ ገባሁ። እሱ ይምጣ።

ሐሙስ

እሱ አልመጣም፤ ሽማግሌ ላከ። ኦቦ ፈይሳን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌያቸውን። ኦቦ ፈይሳን አከብረዋለሁ፤ ለዚህ ነው እሱን የላከው፣ ተንኮለኛ።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦ ተክሌ» ብሎ ደኅንነቴን ጠይቆ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ከብቱ አወራ። ኋላ «ዘለቀ ታሞ ነበር ይባል። ሹሙም ይቀበለዋል፣ ስሙም አይጠፋም» አለ።

«በመስቀል ሲጨፍር መሬቱን ያራደውን ሰው ነው ታሞ ነበር የምለው?»

«ወፍጮህ ቢታሸግስ?»

ይሄ ወጋኝ። እውነት ነው፤ ዘለቀ እምቢ ካለ እኔም እጠፋለሁ። ጫልቱም ጓዳ ሆና «አባባ፣ እሺ ይበሉ» አለች። እሺ አልኩሽ እንዴ? አላልኩም።

«ለዘለቀ ንገረው» አልኩ። «እኔ ሣር ቤቴን ለቅቄ ልጄ ቤት አድራለሁ። እሱ ቆርቆሮውን ነቅሎ የት ያድራል? የተጻፈው እንደተጻፈ ይቆያል። አንድ ነገር ደግሞ ጨምርበት፤ ፊርማውን አልፈልግም። ፊርማዬ አይደለም ብሎ ይክዳል። አውራ ጣቱን ያምጣ።»

ኦቦ ፈይሳ ፂሙን ያዘ። «ይሄ እንኳ በዛ፣ ወንድሜ።»

አዎ፣ በዝቷል። ዘለቀ በሰው ሠርግ፣ በሰው ለቅሶ፣ ጣቴን እያሳየ «የተክሌ ብዕር ይችውና» ሲል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

ዓርብ

መጣ። ኮት ለብሶ፣ እስኪሪብቶውን ደረቱ ላይ ሰክቶ። ሰላም አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም።

ሹሙ ማመልከቻውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ሕጉ ነው አለ። ባለጉዳዩ ሁሉ ሰማ። «ስላታለልኩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዘለቀ ጣራ ጣራ አየ።

«እውነት ነው?» አለው ሹሙ።

«... ነው።»

እስኪሪብቶውን ሲያወጣ አየሁት። እኔ ቀለሙን ገፋሁለት። ሹሙን አየ፤ ሹሙ ትከሻውን ሰበቀ። ከዚያ ዘለቀ አውራ ጣቱን ነከረ። አላወቀበትም። አጨማልቆት ሹሙ «ድገመው» አለው።

የእኔ ጥርት ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ

ሹሙ መልሱ ከላይ እስኪመጣ አይታሸግም ብሏል። ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ዛሬ ግን ሞተሩን አስነሳሁ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ነበር፤ ዱቄት ሳንባዬ ገባ፣ ጠገብኩ።

ከሰዓት ኦቦ ፈይሳ ደግሞ መጣ። ዘለቀ እርቅ ይፈልጋል፣ አብረን ማዕድ እንቁረስ ይላል።

«አንቆርስም» አልኩ። «ከፈለገ እህሉን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ይምጣ። ከሴቶቹ ኋላ ይሰለፍ። ተራው ሲደርስ ይፈጭለታል።»

ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊ፣ ምን ታዪኛለሽ።

ይፈጭለታል። ግን ሻካራ አድርጌ ነው።