ካምቢዮውም ባለቤትሽም ጥፋት የለባቸውም

ለውድ ልጄ ለሚስጥር ጥዑመልሳን፤

አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የጅግጅጋ ነፋስና አቧራ ጉሮሮሽን አላስቸገረሽም ወይ? የሆስፒታሉ ሥራስ ፋታ ይሰጥሻል? ምግብሽን በሰዓቱ እንደምትበዪ ለእናትሽ አረጋግጪላት፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም። እኛ፣ ምስጋና ለአምላክ ይሁንና፣ ሁላችንም ደኅና ነን።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ወር ባለቤትሽን ኢሳያስን የከሰስሁት በጽሑፍ ስለሆነ፣ ክሴን የማነሣውም በጽሑፍ መሆን ይገባዋል። አውቶማቲኳ መኪናችን የጨንቻን ዳገት ስትወጣ ያለ ቦታው ማርሽ እየቀየረች እንደ ደነበረች በቅሎ ስትንገጫገጭ ባየሁ ጊዜ፣ ኢሳያስ የጨንቻ ሸማኔዎችን ጋቢና ቡሉኮ ወደ ሲቀላ ገበያ ሲያመላልስ በግዴለሽነት ነድቶ ካምቢዮውን እንደ ፈጀው ጽፌልሽ፣ ቁልፉንም ነጥቄው ነበር። አንድ መካኒክም ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍት «ካምቢዮው አልቋል፤ ይውረድና ይለወጥ» ስላለኝ ፍርዴ የጸና መሰለኝ። ኢሳያስ ጥቅሉን ተሸክሞ በሚኒባስ ይመላለስ ጀመር።

እናትሽ ግን «አርባ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ይዘህ፣ ያለ ምስክር ትፈርዳለህ እንዴ?» ብላ ወቀሰችኝ። በእርሷ ግፊት ባለፈው ማክሰኞ ከኢሳያስ ጋር ሆነን መኪናዋን ሲቀላ ወዳለው የኦይታ ጋራዥ ወሰድናት። ኦይታ ረጋ ያለ የጋሞ ሰው ነው። ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ መዳፍ የምታህል መመርመሪያ ሰክቶ ጥቂት ጠበቀና፣ የፍጥነት ሴንሰሩን የሚጠቁም ኮድ አገኘ። «እንግዲያው ሴንሰሩን ለውጠው» አልሁት። «ጋሼ፣ ኮድ ጥቆማ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። እየሄደች እንያት» አለኝ።

እርሱ ወደ ጨንቻው ዳገት ነዳ፤ እኔ መሣሪያውን ጭኔ ላይ አድርጌ ፍጥነቱን ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ ኢሳያስ ከኋላ ተቀመጠ። ሠላሳ ስምንት፣ አርባ፣ አርባ አንድ እያልሁ ቆይቼ በድንገት «ዜሮ» አልሁ። ኦይታ «ቆመናል እንዴ ጋሼ?» ብሎ ሳቀ። አልቆምንም ነበር። በዚያው ቅጽበት መኪናዋ ተንገጫገጨችና ማርሽ ቀየረች። ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ነው። ለካስ ካምቢዮው፣ ፍጥነቱን የሚነግረው ሴንሰር ድንገት ዝም ሲልበት፣ የትኛውን ማርሽ እንደሚይዝ ግራ ይገባው ኖሯል።

ኦይታ ዳር ይዞ ቆመና ኮፈኗን ከፍቶ የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለ። ውስጡ ርሷል፤ አረንጓዴ ዝገትም በልቶታል። «ይህን ሞተር በውሃ የሚያጥበው ማነው?» ሲል ኢሳያስ ፊቱን ከታች ወደሚታየው ሐይቅ መለሰ። ልጄ፣ በየቅዳሜው ኮፈኗን ከፍቼ ሞተሯን በጎማ ቱቦ የማጥበው እኔ ነኝ። ኢሳያስ «አባባ፣ ውስጧ ውሃ አይወድም» ብሎ ቢለምነኝ፣ «ንጽሕናን የሚጠላ ነገር አላውቅም» ብዬ ገሥጬው ነበር። «እኔ ነኝ» አልሁ።

ሶኬቱ ተጠርጎ ደረቀ። የካምቢዮው ዘይትም ሲታይ ንጹሕ ነው፤ አልተቃጠለም። ዳገቱን እንደገና ስንወጣ ቁጥሩ አንድ ጊዜም አልወደቀም፤ ማርሹ ሲቀየርም አልታወቀኝም።

ቤት እንደ ደረስን እናትሽ ባለችበት ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጥቼ ኢሳያስን ይቅርታ ጠየቅሁት። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ቢል ከለከልሁት። «አባባ፣ መኪናዋስ ዳነች፤ ሚስጥር ግን ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ስልኬን አታነሣም» አለኝ። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ኦይታም ዘንድ የለም። ያቀያየምኋችሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ብቻ ነው። ሲደውል አንሺለት። ያንን ደብዳቤ ግን አትቅደጂው፤ መዝገብ አይቀደድም። ይህን ከላይ አድርገሽ አያይዢው።

እናትሽ ወይዘሮ ወርቂቱ ግንባርሽን ትስማለች። ታናሽ ወንድምሽ ሳምሶን ፈተናውን ማለፉን ንገሩልኝ ብሏል። አብራሽ ለምትኖረው ለኪዳነምሕረት የአባትነት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ባለቤትሽን ምን ልጻፍልህ ብዬ ብጠይቀው «የእኔን ራሴ እነግራታለሁ» ስላለ፣ የእርሱን ሰላምታ ከዚህ አላሰፈርሁም።

አባትሽ
ጥዑመልሳን ወልደሥላሴ
አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.