የአያቴ ስም በመታሰቢያው አዳራሽ

ወንጌላዊት፣ የተማርሽው የእህቴ ልጅ፣

ያልተማረው አጎትሽ ከጣና ዳር ሰላም ይልሻል። የሐዋሳ ሐይቅሽ እዚህ ቢመጣ እግር መታጠቢያ ነው የሚሆነው፤ እንዳትቆጪ።

ዛሬ ሐሙሲት አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ የአርበኞች መታሰቢያ አዳራሽ ገባሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የአገሬው ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ነው። እህል ተከምሮበታል፣ ሠርግም ተደግሶበታል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የሟቾች ስም ግን ማንም አልነካውም። አርባ ሁለቱንም ሦስት ጊዜ ባነብ አያቴ አስናቀ የሉም።

ጠባቂው መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ሳቁብኝ። «ከፍትሐት መዝገብ የተገለበጠ እኮ ነው፤ የክርስትና ስማቸውን ያምጡ።»

ለአክስቴ ለእትዬ ሸጊቱ ደወልሁ። «የአባቴን የክርስትና ስም በስልክ? አንተ ጅል፣ ደብተራ ቢሰማስ?» ብለው ጮኹብኝ። አጠገቤ ማንም የለም ብዬ ዋሸሁ፤ መሪጌታ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። እትዬም ከተማው ሁሉ ሰማንያ ዓመት ሲያነበው የኖረውን ስም በሹክሹክታ ነገሩኝ። ኮፍያዬን ከሰቀልሁበት ሚስማር ሥር ነበር!

ነገ ግድግዳውን የሚያድስ ቀለም ቀቢ ይመጣል። አጠገቡ «አስናቀ» ብሎ እስኪጽፍልኝ አልነቃነቅም፤ በሩን ቢዘጉብኝ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። ከእንግዲህ የእኛ ሰው ሲመጣ አይንከራተትም።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ሞላ። እናትሽንና ወንድምሽን ብሩክን ሳሚልኝ። የአያቴን የክርስትና ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ለእትዬ ምዬላቸዋለሁ። መጥተሽ ከግድግዳው አንብቢው።

አጎትሽ ገብረ ክርስቶስ